የክስ ወረቀቱ ሰዓት የማን ሰዓት ነው?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ሐሳቤን በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድዎ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩ ስለ ትራፊክ ክስ ወረቀት ነው። እኔ ሹፌር አይደለሁም፤ የሕግ ሰውም አይደለሁም። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ወረቀት ስቀበል፤ ወረቀት ስቈጥርና ወረቀት ስፈልግ የኖርሁ ሰው ነኝ። ስለዚህም ስለ መንዳት የምናገረው ጥቂት ቢሆን፤ ስለ ወረቀት ግን የምለው አላጣም።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ጧትና ማታ እኛን ሠራተኞችን የሚያመላልሰው የሰርቪስ ሚኒባስ በ2017 ዓ.ም. ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ በቀረበ ጊዜ፤ ያልተከፈለ ቅጣት አለበት ተብሎ ተመለሰ። ሹፌሩ ምንም አላወቀም። ማንም መንገድ ላይ አላስቆመውም፤ በእጁም የሰጠው ወረቀት የለም። ከመዝገቡ ተገልብጦ በተሰጠው ቁራጭ ወረቀት ላይ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ 8፡10 ሰዓት፤ ቃሊቲ አካባቢ ቀለበት መንገድ፤ ከተወሰነው ፍጥነት በላይ ማሽከርከር የሚል ተጽፎአል። ከሥር የመኪናዋ ቍጥር አለ። ከዚህ ሌላ አንዳች ነገር የለም። የትኛው ደንብ፤ የትኛው አንቀጽ፤ ፍጥነቱ ስንት ነበር፤ በምን ተለካ፤ የማይስማማ ሰው ወዴት ይሂድ የሚል አንድ መሥመር እንኳ አልነበረበትም።

ሰውየው ወደ እኔ ክፍል ሲመጣ ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። የገንዘቡ ነገር ብቻ አልነበረም ያስጨነቀው። ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ ተቀጥቶ ነበር፤ በሁለቱም ጥፋቱ የራሱ እንደ ነበረ አይክድም። እንደሚታወቀው በደንብ ቁጥር 208/2003 ከተደነገገ ወዲህ የትራፊክ ጥፋት በገንዘብ ብቻ አያልቅም፤ ጥፋቱ በነጥብ ተቈጥሮ በነጂው መዝገብ ላይ ይቀመጣል፤ ነጥቡም እየተጠራቀመ ሲሄድ መንጃ ፈቃድን እስከ ማሳገድ ይደርሳል። ይህ ደንብ በ2009 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 395 ተሻሽሎአል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ደንብ ቁጥር 557 ወጥቶ ቅጣቱ ከፍ ብሎአል። ለእኔና ለእርስዎ መንጃ ፈቃድ መታገድ ማለት ለጥቂት ወራት በታክሲና በአውቶቡስ መሄድ ነው። በመንጃ ፈቃዱ ለሚበላ ሰው ግን ደመወዙ ታገደ ማለት ነው። ይህ ሰው ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት፤ ትልቋም በዚያው ዓመት የመልቀቂያ ፈተና ተፈታኝ ነበረች።

«ጋሼ፤» አለኝ፤ «በስምንት ሰዓት ከዐሥር መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር። እኔም ጥላው ሥር ተቀምጬ ነበር።»

የስምሪት መዝገቡን አወጣሁ። እውነት ነው፤ ያን ዕለት ሚኒባሷ በስድስት ሰዓት ከሃያ ገብታ፤ እስከ ዘጠኝ ከአምስት ደቂቃ ድረስ አልወጣችም። ደስ አለኝ። በዚያው ማታ ቤቴ ተቀምጬ አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን አቤቱታ ጻፍሁ። እውነቱን ለመናገር በጽሑፉ ጥቂት ኰራሁበት፤ «መኪና ቆማ የምትሮጥበትን ጥበብ መሥሪያ ቤትዎ ቢያስረዳን» የሚል ነገር እንኳ ጨምሬበት ነበር።

በማግሥቱ ጧት ደብዳቤው ከመታተሙ በፊት፤ እንደ ልማዴ አባሪውን ከዋናው ጋራ ሳመሳክር፤ በዚያች ቁራጭ ወረቀት ጥግ ላይ የሌላ መኪና ክስ ግማሽ መሥመር አብሮ ታትሞ አየሁ። ሰዓቱ 17፡40 ይላል። የእኛ ሰዓት ከዐሥራ ሁለት አያልፍም። እንግዲህ ይህ መዝገብ በፈረንጅ አቈጣጠር የሚሄድ ነው፤ ያ የእኛ 8፡10ም ከሰዓት በኋላ ሳይሆን ከጧቱ ሁለት ሰዓት ከዐሥር ነው ማለት ነው። ወረቀቱን የገለበጠው ሠራተኛ ቀኑን ከፈረንጅ ወደ እኛ ለወጠና ሰዓቱን እንዳለ ተወው። በዚያው መሥሪያ ቤት አንድ ፖሊስ በእጁ «8፡10» ብሎ ቢጽፍ ከቀትር በኋላ ነው፤ መሣሪያው «8፡10» ቢል ጧት ነው። ሁለቱም ወረቀቶች በአንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣሉ። የዘመን አቈጣጠሩም ነገር ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ 2017 የሚለው የእኛም ዓመት ነው፤ የፈረንጆቹም ዓመት ሆኖ ዐልፎአል። እኔ በመዝገብ ቤት ሥራዬ በዚህ ምክንያት የስምንት ዓመት ስሕተት ያገኘሁባቸው ፋይሎች አሉ።

ስለዚህ የደከምሁበት አቤቱታ ውሸት ሆነ። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ከዐሥር ላይ ሚኒባሷ ጥላ ሥር ሳትሆን መንገድ ላይ ነበረች።

ይህን ለሹፌሩ ስነግረው ደነገጠ፤ ቀጥሎም ተቈጣ። «ጋሼ፤ ይህን ማን ያውቃል? ደብዳቤው ጥሩ ነው፤ እናስገባው» አለኝ። ያንን ደብዳቤ እንደማላስገባው ነገርሁት። ሦስት ቀን ሙሉ ሰላምታ ነፈገኝ፤ ማታ ወደ ቤት ሲወስደን እኔ የምወርድበት ቦታ ሲደርስ መኪናዋን ያቆማታል እንጂ ዞር ብሎ አያየኝም። ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤ አልፈርድበትም። የልጆቹ እንጀራ በዚያ ወረቀት ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፤ እኔ ስለ ሰዓት አቈጣጠር ማስተማሬ ለእርሱ የቅንጦት ነገር ነበር። ነገር ግን እውነትን ለማስረዳት በውሸት ወረቀት የጀመረ ሰው፤ አንድ ጊዜ ከተያዘ በኋላ እውነቱንም የሚሰማው አያገኝም። ደግሞም እርሱ በእርግጥ አጥፍቶ ቢሆንስ? ይህንንም ማሰብ ነበረብኝ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናዘዝ ይገባኛል። በ2011 ዓ.ም. የወንድሜን መኪና ይዤ ፒያሳ ሄጄ ሳለ፤ ማቆም በተከለከለበት ቦታ አቁሜ ተከሰስሁ። ጥፋቱ የእኔ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ምልክቱንም አይቼው ነበር። ሆኖም ክሱን ከመክፈል ይልቅ «ሰው አለኝ» ብዬ ለአንድ ዘመዴ ስልክ ደወልሁ። ክሱም ጠፋ። እንዴት እንደ ጠፋ አልጠየቅሁም፤ ደስ ብሎኝ ምሳ ጋበዝሁት። ዛሬ ሳስበው ያ ምሳ ከቅጣቱ ይበልጥ ነበር። ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን ይህ ነው፤ ያጠፋሁት እኔ በአንድ የስልክ ጥሪ ነጻ ስወጣ፤ ሰው የሌለው ሹፌር ስላላጠፋው ጥፋት ሊቀጣ ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ትራፊክ ፖሊስ ጉቦ በየቡና ቤቱ ስናማ የስልካችንን ነገር አናነሣም።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። በአራተኛው ቀን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር፤ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ከዐሥር ላይ እኔ ራሴ በዚያች ሚኒባስ ውስጥ ነበርሁ! ሰርቪሳችን ከኮተቤ ተነሥቶ በመገናኛ በኩል ወደ አራት ኪሎ ይመጣል። የሠራተኞች የሰዓት ፊርማ መዝገብ እንዲወጣ ጠየቅሁ። በዚያ ዕለት ዐሥራ ሁለት ሰዎች በሁለት ሰዓት ተኩል ፈንታ በሁለት ሰዓት ከሃምሳ ፈርመናል፤ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊዋም በቀይ እስክሪፕቶ «ሰርቪስ በመንገድ መዘጋጋት ዘገየ» ብላ ጽፋበታለች። ያን ጊዜ በዚህች ቀይ ጽሑፍ ብዙዎቻችን አኵርፈን ነበር። በዚያ ጧት መገናኛ ላይ ከሰልፍ መካከል ተተክለን የቆምን ሰዎች በዚያው ደቂቃ ቃሊቲ ላይ በፍጥነት ልንበር አንችልም። በመገናኛ የጧት ሰልፍ ውስጥ የቆመ ሰው ሁሉ ምስክሬ ነው፤ እዚያ በፍጥነት የሚከሰስ ሹፌር ቢገኝ ሊሸለም ይገባዋል።

ሁለተኛው አቤቱታ አጭር ሆነ። ሰዓቱ በፈረንጅ አቈጣጠር እንደ ሆነ ገለጥን፤ በዚያ ሰዓት መኪናዋ የት እንደ ነበረች ጻፍን፤ የስምሪቱንና የሰዓት ፊርማውን ግልባጭ አያይዘን፤ ክሱ የተመሠረተበት ፎቶግራፍ ወይም የራዳር ልክ እንዲታይልን ለመንን። ስለ መኪና ቆሞ መሮጥ የጻፍሁትን ቀልድ ሰረዝሁት። አቤቱታ የሚያነብ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሰደብ የዋለ ሰው መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ሹፌሩና እኔ ጉዳዩ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት አራት ጊዜ ተመላለስን። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን «ሲስተም የለም» ተባልን። በሦስተኛው ቀን «ይህ የእኛ ሳይሆን የሌላ ቅርንጫፍ ነው» ብለው ሰደዱን፤ የሌላውም ቅርንጫፍ መለሰን። በአራተኛው ቀን አንዲት ወጣት ሠራተኛ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «አባቴ፤ ተቀመጡ» ብላ ወንበር ሰጠችኝ፤ ሰዓቱን በጣቷ እያሳየች «ይህስ እውነትዎን ነው» አለች፤ ከዚያም ፎቶግራፉን ፈልጋ አወጣች። በሥዕሉ ላይ የታየው ሚኒባስ ሳይሆን ኋላው ክፍት የሆነ የጭነት ፒክአፕ ነበር! የሰሌዳው አምስት አኃዞች ከእኛ ጋራ አንድ ናቸው፤ ኮዱ ግን የእኛ 4 ሲሆን የዚያ 3 ነበር። በዚያ የሰሌዳ ሥርዓት አንድ ዐይነት ቍጥር በተለያየ ኮድ፤ እንዲሁም በተለያየ ክልል ስለሚገኝ፤ አኃዙን ብቻ አይቶ ኮዱን በስሕተት የመዘገበ ሰው የማንንም መኪና ሊከስ ይችላል።

ልጅቱ ወዲያው ሰረዘችው። «ጨርሰናል፤ አባቴ፤ ሂዱ» አለችን። እኔ ግን ከወንበሬ አልተነሣሁም። «ልጄ፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ መሰረዙን የሚገልጥ ወረቀት ስጪን» አልኋት። እንዲህ ያለ ወረቀት መስጠት አልተለመደም አለችኝ። ያልተለመደ መሆኑን ሰምቼ ተቀመጥሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ማኅተም ያለበት ሁለት መሥመር ወረቀት አገኘን። ሹፌሩ ወረቀቱን አጥፎ ከመንጃ ፈቃዱ ጋራ በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ ከተተው።

እንግዲህ ከዚህ በመነሣት የምለው አለኝ።

በመጀመሪያ፤ ብዙ ሰው ያላጠፋውን የሚከፍለው ጥፋቱን አምኖ አይደለም። ለአራት ቀን ምልልስ ለሁለት ሰው የወጣው የታክሲ ገንዘብ፤ ከዓመት ፈቃዴ ላይ የተቀነሰው ቀንና ሹፌሩ ከሥራ የቀረበት ሰዓት ሲደመር ከቅጣቱ ሳይበልጥ አይቀርም። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው «ይብቃኝ» ብሎ በቴሌብር ከፍሎ ይገላገላል። የእኛው ሹፌር ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጎአል፤ ያልተስማማበትን ሌላ ክስ ቦሎ እንዳያልፍበት ሲል ከፍሎታል። ገንዘቡ ተከፈለ፤ ነጥቡ ግን በመዝገቡ ቀረ። አሁን ያንን እናስመልስ ብለን ብንጠይቅ «ከከፈልህማ አምነሃል» የሚል መልስ ነው ያገኘነው። ይህም ከሕግ አንጻር የሚያስገርም ቃል አይደለም፤ በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ ቀላል የደንብ ጥፋት የተከሰሰ ሰው ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ጥፋቱን በጽሑፍ ሊያምን የሚችልበት መንገድ ተከፍቶ ነበር። ልዩነቱ እዚያ ሰውየው ማመኑን ዐውቆ መፈረሙ ነው። ዛሬ ገንዘብ ሲከፈል ማመን እንደ ሆነ የሚናገር አንድ ቃል በክፍያው ላይ ቢጻፍ ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ ያስብ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ክሱ በቂ በሆነ ዝርዝር እንዲነገረው፤ ማስረጃውን እንዲመለከት፤ በፍርድ ሂደት ላይ ሳለም ንጹሕ ሆኖ እንዲገመት ይደነግጋል። አንዳንድ ዐዋቂዎች ይህ ለወንጀል ክስ እንጂ ለትራፊክ ቅጣት አይደለም ይሉኝ ይሆናል። ይሁን። ግን የአስተዳደር ጉዳይ ነው ከተባለም፤ የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ያለው መንፈስ ያው ነው፤ የመንግሥት ተቋም ዜጋን የሚነካ ውሳኔ ሲሰጥ ሰውየውን ይሰማ፤ ምክንያቱን ይግለጥ፤ ውሳኔውንም በጽሑፍ ይስጥ የሚል ነው። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን ለሌላው ባለጉዳይ እንዲሁ እንድናደርግ ታዘናል። አደረግን ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፤ ዝም እላለሁ።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በክስ ወረቀቱ ላይ ሰዓቱ «ጧት» ወይም «ከሰዓት በኋላ» ወይም «ማታ» ተብሎ ይጻፍ። የተጣሰው አንቀጽ፤ ፍጥነት ከሆነም የተለካው ልክና የተፈቀደው ልክ ይጻፍ። «ደንብ መተላለፍ» ብቻ የሚል ክስ ለአንባቢው ምንም አይነግረውም፤ ያለ ቀንና ያለ ቍጥር እንደ መጣ ደብዳቤ ነው። ሰሌዳው ከነኮዱና ከነክልሉ ይጻፍ። በወረቀቱ ጀርባ የማይስማማ ሰው በስንት ቀን ውስጥ፤ ለማን፤ በየትኛው ቢሮ እንደሚያመለክት ይታተም። የሚፈጀው ቀለም ጥቂት ነው፤ ጀርባውም ዛሬ ባዶ ነው።

በዚህ አባባሌ የትራፊክ ቍጥጥር ይላላ ማለቴ እንዳይመስልብኝ። በሀገራችን በየዓመቱ በሺህ የሚቈጠር ሰው በመንገድ ላይ ይሞታል፤ በአዲስ አበባ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ በእግራቸው የሚሄዱ ናቸው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰኮንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፤ በ80 የሚሄደው ከ22 ሜትር በላይ ይጓዛል። ያ የአምስት ሜትር ልዩነት አንድ ሕፃን ከነቦርሳው መንገድ የሚሻገርበት ስፋት ነው። ግጭቱም ሲደርስ ጉልበቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። በፒክአፑ ቃሊቲ ላይ የበረረው ሰው ማን እንደ ሆነ አላውቅም፤ ግን ክሱ ወደ እኛ በመምጣቱ እርሱ ሳይቀጣ ቀርቶ ነበር። አንድ ስሕተት ያላጠፋውን ሲያስቀጣ ያጠፋውን ደግሞ ያስመልጣል፤ ይህንን ተቈጣጣሪዎቻችን ልብ ቢሉት ከእኛ ይልቅ ለእነርሱ የሚያስቈጭ ነው።

አባቴ በ1956 ዓ.ም. መኪና ከግራ ወደ ቀኝ እንዲሄድ በተደረገ ጊዜ የነበረውን ግርግር ያጫውቱኝ ነበር። ሕዝቡ አስቀድሞ ስለ ተነገረው ለመደው ይሉ ነበር። አሁንም ደንቡ በተለወጠ ቍጥር በጋዜጣና በራዲዮ በግልጥ ቢነገር፤ ሰው ደንቡን ከቅጣት ወረቀት ላይ ባልተማረው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፤ ይህም ስለ ከባዱ ክስ ነው። እስካሁን የተናገርሁት በገንዘብና በነጥብ ስለሚያልቀው ነው። ሰው ከተጎዳ ወይም ከሞተ ግን ጉዳዩ የወንጀል ሕግ ይሆናል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል። የሌላውን ሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ከሆነ ግን፤ ሕጉ ሐኪምንና አሽከርካሪን በምሳሌነት ይጠራል፤ እሥራቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፤ ወይም ነጂው ግልጽ የሆነ ደንብ ዐውቆ ተላልፎ ወይም ሰክሮ ከሆነ፤ ከአምስት እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እሥራት ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚመጣውን ወረቀት እንደ ተራ ክስ አይቶ መፈረም ታላቅ ስሕተት ነው። ትራፊክ ፖሊስ የሚያነሣው የአደጋ ፕላን ከነሜትሩ ትክክል መሆኑን መመልከት፤ ያልተስማሙበትን ነገር ያንጊዜውኑ ማስጻፍ፤ የሰጡትን ቃል ሳያነቡ አለመፈረም፤ እዚያ የነበሩ ሰዎችን ስምና አድራሻ መያዝ፤ ጠበቃም መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን የምለው ፈርቶ የፈረመ ሹፌር ስለማውቅ ነው። «ምን ተጽፎበት ነበር?» ብለው «እንጃ፤ ጨለማ ነበር» አለኝ። በእርሱ ጉዳይ ፍርዱ ልክ ይሁን አይሁን አልናገርም፤ ምን እንደ ፈረመ አለማወቁ ግን ልክ አልነበረም።

ያችን ወጣት ሠራተኛ ስሟን ሳልጠይቅ ወጣሁ፤ ይህ ጽሑፍ ከእጇ ቢደርስ ምስጋናዬን ትቀበልልኝ። ሹፌራችንም ሰላምታውን መልሶልኛል፤ አንዳንድ ቀን እንዲያውም ከመውረጃዬ ዐልፎ እስከ በሬ ድረስ ያደርሰኛል። በእኛም መሥሪያ ቤት በስምሪት መዝገቡ ላይ ከሰዓቱ ቀጥሎ «ጧት» ወይም «ከሰዓት በኋላ» ተብሎ የሚጻፍበት አንድ ጠባብ ዓምድ በማስመሪያ እንዲሰመር አድርጌአለሁ። የስምሪት ጸሐፊው ቦታ አይበቃም ብሎ ሲያጕረመርም ሰንብቶ፤ አሁን ግን ይሞላዋል።

አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ